ጢስ ዓባይ፦ ውሃው በማን ትእዛዝ ይውረድ?

በ1969 ዓ.ም. የወጣችው የአንድ ብር ኖት ጀርባዋ ላይ ወፎችና ፏፏቴ ነበሩባት። ፏፏቴው ጢስ ዓባይ ነው። ባሕር ዳርን ረግጦ የማያውቅ የሐረር ነጋዴ፣ የጅማ ገበሬ፣ የአዲስ አበባ ሊስትሮ ሁሉ ጢስ ዓባይን በኪሱ ይዞ ሲዞር ኖሯል። ለሻይ ሲከፍል ሰጥቶታል፣ መልስ ሲቀበል ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ብር ከወረቀት ወደ ሳንቲም ተለወጠችና ሥዕሉ ከሰው እጅ እየወጣ ሄደ። በዚያው ዓመት ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ውሃ የሚበዛው ክፍል ወደ በለስ እንዲሄድ ተደረገ። የሁለቱ ነገሮች መገጣጠም አጋጣሚ ብቻ ነው። የኖቷ ሥዕል ግን ከዚያ በኋላ ለበጋ ጎብኚ የማይታይ ነገር ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በጥርና በየካቲት፣ ማለትም እንግዳ በሚበዛበት ወራት፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጢስ ዓባይ የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰፊ ጥቁር ገደልና በአንድ ጎኑ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነው። ስለዚህ ነገር በሕዝብ ዘንድ ሁለት ወሬ ይነገራል። አንዱ «ፏፏቴው ደርቆ አልቆለታል» ይላል። ሌላው «ዝናብ ጠፍቶ ነው፣ ሲዘንብ ይመለሳል» ይላል። ሁለቱም እውነቱን ይሸፍናሉ። ጢስ ዓባይ በር ተሠርቶለታል። በሩ ሲከፈት ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። ስለዚህ የጢስ ዓባይ ጉዳይ የዝናብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የውሳኔ ጉዳይ ነው። የውሳኔ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ማን ወሰነ፣ በምን ሕግ፣ ስንት ውሃ ለማን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከበሩ በፊት የነበረው ፏፏቴ

ፏፏቴውን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ጥንት የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ቀዝቅዞ የዓባይን መውጫ ገደበው፤ ጣናም ከኋላ ተጠራቀመ። ወንዙ የዚያ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከ40 ሜትር በላይ ይወድቃል። ውሃው ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርስ ነበር። ከሥር የሚነሣው ርጭት ከሩቅ ጭስ ስለሚመስል አገሬው ጢስ ዓባይ፣ ጢስ እሳት አለው።

ይህ ገደል ለዓይን ብቻ አልጠቀመም። ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ የጣና ዓሦች ከቀሪው የናይል ዓሦች ተለይተው ለብቻቸው ተራቡ። በሳይንስ ላቤኦባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ሲያስገባ ከተቆጠሩለት ሀብቶች አንዱ ይኸው የብዝኃ ሕይወት ሀብቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያኔም ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይወርድም ነበር። ሐይቁ በመስከረም ይሞላና ከዚያ ወዲህ እየጎደለ ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ ውሃው ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይቀጥን ነበር። ነገር ግን ሐይቁ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሰማዩም ጥርት ያለ፣ ፏፏቴውም ገና ጉልበት ያለው ነበር። የቱሪስት ወቅት የተባለውም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። የተወሰደውም በትክክል ይኸው ወቅት ነው።

አራት መቶ ዓመት የተጎበኘ ስፍራ

ጢስ ዓባይ የትናንት የጉብኝት ቦታ አይደለም። ፖርቱጋላውያን የሚሲዮን መነኮሳት በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ጎጃም ሲመላለሱ ዓባይን ከምንጩ ጀምረው ተከታትለዋል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 በሰከላ ግሽ ዓባይ ምንጩ ላይ ቆሟል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀሮኒሞ ሎቦ ደግሞ ፏፏቴው ዘንድ ደርሶ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ መቀመጡን ጻፈ። የሎቦን መጽሐፍ ሳሙኤል ጆንሰን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳተመው። በኋላም ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ የጻፈው ከዚያ ንባብ ተነሥቶ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጢስ ዓባይ ሲደርስ ሎቦን ውሸታም አለው፤ ከዚያ ውሃ ጀርባ ሰው ሊቀመጥ አይችልም ብሎ ተከራከረ። ይሁንና ብሩስ ራሱ የፏፏቴውን ቁመት 40 ጫማ ገደማ ብሎ ገመተ። ይህ ከእውነተኛው ቁመት ከሲሶ በታች ነው። ሌላውን በማጋነን የከሰሰ ሰው ራሱ አሳንሶ ጻፈ። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጣው ቺዝማን ግን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሲቀመጥ የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተዘዋውሮ ካርታ አነሣለት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ስትጎበኝ ጢስ ዓባይ ከታየችባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ጎብኚዎች በላይ የሚናገረው ግን ከፏፏቴው ወረድ ብሎ የቆመው ድልድይ ነው። አጼ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1626 ያሠሩት የአላታ ድልድይ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው ኖራ የሚሆን ድንጋይ በዚያው በአላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ፤ ሥራውን የመራው ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። አገሬው የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ትእዛዙ የሐበሻ ንጉሥ፣ ባለሙያው ከህንድ፣ ኖራው የጎጃም ነው። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ለማጽናት ሲሞክሩ አገር ተፋጀ፤ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። ድልድዩ ግን ቀረ። የገበያተኛው አህያ ሲሻገርበት የኖረው ይህ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2026 አራት መቶ ዓመት ይሞላዋል።

በሩ እንዴት ተሠራ?

የጣናን መውጫ መቆጣጠር የተመኘ የመጀመሪያው ሰው ኢትዮጵያዊ አልነበረም። እንግሊዝ ግብጽንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ የጥጥ እርሻዋን ለማጠጣት ዓይኗ ጣና ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ እንደማይሠሩ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1927 ጄ. ጂ. ዋይት የተባለውን የኒው ዮርክ የምሕንድስና ድርጅት በጣና መውጫ ላይ ግድብ እንዲያጠና አነጋገሩ። እንግሊዝ ተቆጣች፤ ጥናቱም ተካሂዶ ግድቡ ሳይሠራ ጣልያን መጣ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ከባሕር ዳር ተጀመረ። ከጣልያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው ኃይል ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ይህ ጢስ ዓባይ አንድ የሚባለው ነው። ከገደሉ በላይ ጥቂት ውሃ በቦይ ይቀዳል፣ ተርባይን ይመታል፣ ከፏፏቴው በታች ወንዙን መልሶ ይቀላቀላል። በዚያ ዘመን ይህ ለፏፏቴው ከወንዝ በማሰሮ እንደመቅዳት ነበር። የባሕር ዳር ሴቶች የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑት፣ ከተማዋም ከዓሣ አጥማጅ መንደርነት የወጣችው በዚህ ኃይል እርዳታ ነው። ይህን የካደ ታሪክ አልተናገረም።

ነገሩ የተለወጠው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በሁለት መዝጊያ በሮች ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩና ሰባት ሆኑ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ሥራ ጀመረ። አዲሱ ጣቢያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰከንድ ወደ 150 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት የዓመት አማካይ መጠን ግን በሰከንድ ወደ 120 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሒሳቡን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጣቢያው ሲጠጣ ፏፏቴው ይጠማል።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ አነሰ፣ ለማመንጫው የሚለቀቀው ውሃ ግን አልቀነሰም። የጣና ወለል እስከዚያን ጊዜ ተመዝግቦ ከሚታወቀው በታች ወረደ። የሐይቁ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደሴቶቹና ወደ ጎርጎራ የሚመላለሰው ሰውና ጭነት ወደቡ ላይ ቀረ። ያኔ የተጎዳው የፈረንጅ ጎብኚ አልነበረም፤ ቡናውን፣ እንጨቱንና እህሉን በሐይቅ የሚያመላልሰው የዳር አገር ሰው ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ በለስ ነው። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ ጣቢያ ውሃውን ከጣና በስተምዕራብ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ እንዲወስድ ታስቦ ነው የተሠራው። በጢስ ዓባይ ውሃው የሚወርደው 50 ሜትር ገደማ ነው፤ በበለስ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ያው አንድ ባልዲ ውሃ በበለስ ስድስት እጥፍ ያህል መብራት ይሰጣል። ለመሐንዲሱ ምርጫው ግልጽ ነበር። ዕቅዱም በጢስ ዓባይ ያሉት ሁለቱ ጣቢያዎች ከዕለት ሥራ ወጥተው ተጠባባቂ እንዲሆኑ ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ወደ ታች ለሚሄደው ዓባይ በዓመት አማካይ በሰከንድ 17 ሜትር ኩብ፣ ቢያንስ ቢያንስ ደግሞ 10 ሜትር ኩብ እንዲለቀቅ መከረ። 400 ሜትር ስፋት ላለው ገደል 10 ሜትር ኩብ ማለት ለትልቅ በሬ ጀርባ አንድ ነጠላ እንደማልበስ ነው።

ታሪክ ምፀት ያውቃል። ከ1902ቱ ውል ጀምሮ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ክርክሩ በጣና በር የግብጽና የሱዳን ውሃ ይቆረጣል የሚል ነበር። በሩን የሠራነው በመጨረሻ ራሳችን ነን። ውሃ የተቆረጠበት የመጀመሪያው ግን ካይሮ ሳይሆን ከበሩ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ሆነ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሰው ተብሎ ነበር የተተረተው፤ ለፏፏቴውም ደረሰው።

ጭስ የሚል ስም ያለው ሌላ ፏፏቴ

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ኖርዌይን መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር ሩካን የሚባል ፏፏቴ አለ። ቁመቱ 104 ሜትር ሲሆን የስሙ ትርጉም «የሚጨሰው» ማለት ነው። የኖርዌይ ጢስ እሳት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1868 የተቋቋመው የአገሪቱ የተጓዦች ማኅበር የመጀመሪያ ማረፊያ ቤቱን የያዘው በዚህ ፏፏቴ አጠገብ ነበር። ከዚያ ሳም አይደ የተባለ መሐንዲስና ባለሀብት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ኖርስክ ሃይድሮ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ከፏፏቴው በታች የቬሞርክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። 108 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ በዓለም ትልቁ ነበር። ኃይሉ ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዘ ማዳበሪያ ለመሥራት ዋለ። ፏፏቴው ወደ ቧንቧ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው ለጢስ ዓባይ ትምህርት የሚሆነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲዘጋ አላፈረሱትም። ሙዚየም አደረጉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርዌይ አርበኞች ለጀርመኖች የአቶም ምርምር የሚሆነውን ከባድ ውሃ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 ሌሊት ሰርገው የገቡበት ስፍራ ይኸው የቬሞርክ ግቢ ነው። ዛሬ ጎብኚው ተርባይኖቹን፣ የሠራተኞቹን ታሪክና የዚያን ሌሊት ታሪክ ለማየት ይሄዳል። ከተማዋም ከጎረቤቷ ከኖቶደን ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ፏፏቴዋን ያጣችው ከተማ ፏፏቴውን የወሰደውን ጣቢያ መልሳ መስህብ አደረገችው።

ከዚያ በስተሰሜን ያለችው የመዳብ ማዕድን ከተማ ሮሮስ ደግሞ የበለጠ ታስገርማለች። መዳቡ እ.ኤ.አ. ከ1644 እስከ 1977 ለ333 ዓመት ተቆፈረ። በንጉሥ ቻርተር በማዕድኑ ዙሪያ በሰፊ ክብ ውስጥ ያለው ደን፣ ወንዝና ማዕድን ሁሉ ለኩባንያው ተሰጠ፤ የዚያ ክብ ገበሬም እንጨትና ከሰል የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። ኩባንያው ሲከስር ከተማዋ አላለቀችም። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የዓለም ቅርስ ሆነች። ጎብኚ ዛሬ የሚያየው የእንጨት ቤቶቹን፣ እ.ኤ.አ. በ1784 የተሠራውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመሬት ሥር ያለውን የኦላቭ ጉድጓድና ከማቅለጫው የወጣውን ጥቁር የዝቃጭ ክምር ነው። ቆሻሻውን እንኳ አልጣሉትም፤ የድካም ምስክር ነውና ጠበቁት።

ሦስተኛው ምሳሌ ለጨረጨራ በር ጠባቂ በቀጥታ የሚነገር ነው። ቮሪንግ የተባለው የኖርዌይ ፏፏቴ 182 ሜትር ይወርዳል። ውሃው ለመብራት ሲወሰድ ፈቃዱ ላይ አንድ ግዴታ ተጻፈ፤ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ማለትም በጎብኚ ወቅት፣ በፏፏቴው ላይ በሰከንድ ቢያንስ 12 ሜትር ኩብ ውሃ ይውረድ የሚል። ናያጋራም እንዲሁ ነው። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በፈረሙት ውል በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ 2,832 ሜትር ኩብ፣ በሌላው ጊዜ ግማሹ በፏፏቴው ላይ እንዲያልፍ ተወስኗል። የሁለት ታላላቅ አገሮች መሐንዲሶች መብራቱንም ፏፏቴውንም የያዙት ቁጥሩን በሕግ ስለጻፉ ነው። ቁጥሩ ያልተጻፈ ውሃ ሁልጊዜ ለጉልበተኛው ይሄዳል፤ ጉልበተኛው ደግሞ ተርባይን ነው።

«ለፈረንጅ ፎቶ ተብሎ መብራት ይጥፋ?»

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ሲሉ፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በራሱ ላይ አልፎበት በኩራዝ የሚያመሽ ቤት ብዙ ነው። እናት በጭስ እየታነቀች እንጀራ ትጋግራለች። እንዲህ ባለ አገር ውሃን ለውበት ሲባል በገደል ላይ አፍስሱ ማለት ለጠገበ ሰው የሚመች ክርክር ይመስላል። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2001 ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ከባድ ነበር። ያኔ አገሪቱ በሙሉ የምታመነጨው ኃይል ጥቂት መቶ ሜጋ ዋት ስለነበር ሰባ ሦስቱ ትልቅ ድርሻ ነበር።

ዛሬ ግን ሒሳቡ ተለውጧል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ካርታ ዘርግቶ አንድ ነገር ልብ ይበል። በለስ ዓባይን የሚቀላቀለው ከሕዳሴ ግድብ በላይ ነው። በጢስ ዓባይ ላይ የሚወርደውም ውሃ በጎጃም ዙሪያ ተጠማዞ እዚያው ግድብ ይደርሳል። ስለዚህ በፏፏቴው ላይ የወረደ ውሃ ለሕዳሴ ግድብ አይጠፋም። የሚጠፋው በበለስ ጣቢያ የሚያመነጨው ብቻ ነው።

እርሱስ ስንት ነው? በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል በግምት ወደ 2.7 ሜጋ ዋት ነው። ለፏፏቴው በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ቢጨመርለት በለስ ወደ 27 ሜጋ ዋት ይቀንስበታል። የሕዳሴ ግድብ አንዱ ትልቅ ተርባይን 400 ሜጋ ዋት ነው። የሚጠየቀው ዋጋ እንግዲህ ከአንድ ተርባይን አንድ አስራ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ከጥቅምት እስከ የካቲት። በበለስ ሸለቆ ለመስኖ የታሰበው ውሃም ቢሆን ይህን ያህል ለመስጠት የሚሞት አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ እንዳሳን የመሰሉ ገባሮች ከጨረጨራ በታች ስለሚገቡ ፏፏቴው በሩን ሳይለምን ራሱ ይሞላል።

በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ደግሞ ሰው ነው። ጢስ ዓባይ ከተማ ያደገችው በፏፏቴውና በማመንጫው ነው። አስጎብኚው፣ እንግዳውን በጀልባ የሚያሻግረው፣ ቅልና ነጠላ የምትሸጠው ልጅ፣ ቡና የምታፈላው እናት፣ ከባሕር ዳር መኪና የሚያከራየው፣ ሆቴሉ ሁሉ በዚያ ውሃ ላይ ተንጠልጥለዋል። እንግዳ ለሁለት ሌሊት ባሕር ዳር የሚያድረው አንዱን ቀን ለገዳማቱ፣ ሌላውን ለፏፏቴው ስለሚሰጥ ነው። ፏፏቴው ከሌለ አንዱ ሌሊት ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ጎብኚውን ስላራቀው ዛሬ ይህ ጥያቄ የቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ሰላም ሲመጣ እንግዳው ተመልሶ ጥቁር ገደል ካገኘ ሁለተኛ አይመጣም። ቤት የሚጠረገው እንግዳ ሳይመጣ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁጥሩ በሕግ ይጻፍ። ከጨረጨራ በጎብኚ ወቅት በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚለቀቅና ከዚያም ውስጥ ስንቱ ወደ ቦዩ ሳይገባ በገደሉ ላይ እንደሚያልፍ በደንብ ይወሰን፤ ቁጥሩም በየሳምንቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛውን ማከል የሚያስፈልገው የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ቦይ ከፏፏቴው አፍ ላይ ስለሚቀዳ ነው፤ ከላይ የተለቀቀ ውሃ እታች ደርሶ ሊሰወር ይችላል። ወቅቱና መጠኑ ከታወቀ አስጎብኚ ድርጅት እንግዳውን ያለ ሐሰት ይጠራል፤ የከተማው ሰውም ገበያውን አውቆ ይዘጋጃል።

ሁለተኛ፣ የ1964ቱ ጣቢያ ታሪክ ይሁን። በዓባይ ወንዝ ላይ በኢትዮጵያ ምድር የተሠራው የኤሌክትሪክ ሥራ ከዚህ ትንሽ ቤት ተነሥቶ ሕዳሴ ግድብ ደርሷል። ከ11.4 ሜጋ ዋት እስከ 5,150 ያለው መንገድ 61 ዓመት ፈጅቷል። ይህን መንገድ ለተማሪ ለማሳየት ከጢስ ዓባይ የተሻለ የት አለ? ሩካን ያደረገችው ይህንን ነው። የማመንጫው አሮጌ ዕቃ ተሽጦ ወይም ዝጎ ከማለቁ በፊት፣ እዚያ የሠሩ ጡረተኞች በሕይወት እያሉ ቃላቸው ሊመዘገብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የአላታ ድልድይ አራት መቶኛ ዓመቱን ሳይታይ እንዳያልፍ። ድልድዩ፣ ፏፏቴውና ማመንጫው በእግር በሚደረስባቸው ርቀት ተቀምጠው አራት ምዕተ ዓመት ይተርካሉ፦ የንጉሥን ኖራ፣ የወንዝን ጉልበትና የመሐንዲስን በር። ዛሬ ጎብኚ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ፈልጎ ይመጣል፤ እርሱንም ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው ሌሎቹን ሳያስተውል ይመለሳል።

የሮሮስ ሰዎች መዳቡን መመለስ አይችሉም፤ ተቆፍሮ አልቋል። ስለዚህ ያላቸው ትዝታ ብቻ ነው፣ እርሱንም በደንብ ያዙት። ጢስ ዓባይ ግን ከማዕድን ይለያል። ውሃው አላለቀም። በየክረምቱ ከሰከላ፣ ከደቡብ ጎንደርና ከጎጃም ተራራዎች እየወረደ ጣና ይገባል፤ ጨረጨራ ላይ ሰባት በር ቆሞ ይጠብቀዋል። በሮቹ ወዴት እንደሚከፈቱ የሚወስነው የአምላክ ቁጣ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ የሚታዘዘው ለተርባይኑ ብቻ ነው፤ ለፏፏቴው የሚታዘዝበት ሕግ ሊጻፍለት ይገባል።